ጠላ ቤትና ቢራ ፋብሪካ በአዲስ አበባ ዳርቻ

በሰበታ፣ በቡራዩ፣ በሱሉልታ፣ በገላን ወይም በቱሉ ዲምቱ በኩል ከአዲስ አበባ ወጣ ሲሉ የጠላ ቤት ምልክቱ በእንጨት ጫፍ ላይ የተደፋ ጣሳ ነው። ሌላ ታፔላ የለውም። ከመንገዱ ማዶ ደግሞ ግድግዳው በቢራ ፋብሪካ ቀለም የተቀባ፣ ወንበሩም ጃንጥላውም የፋብሪካው ስም ያለበት ድራፍት ቤት ይቆማል። ሁለቱ የሚሻሙት አንድ ጠጪ ነው፤ ከሥራ የወጣ የቀን ሠራተኛ፣ ጋሪ ነጂ፣ ጥበቃ፣ ግንበኛ። ጠላ በዚህ ሽሚያ ወደ ኋላ እየቀረ መምጣቱ ግልጽ ነው። ምክንያቱ ግን ጣዕሙ አይደለም። ቢራ ጠላን የሚበልጠው በዕድሜ ነው፤ አንዱ ወራት ይቆያል፣ ሌላው በሦስተኛው ቀን ይኮመጥጣል። የቀረው ሁሉ ከዚህ ይመነጫል።

ፋብሪካዎቹ

የአገሪቱ የመጀመሪያ ቢራ ፋብሪካ ቅዱስ ጊዮርጊስ በ1915 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ ተቋቋመ። በደርግ ዘመን ተወርሶ ከቆየ በኋላ በ1990ዎቹ መጀመሪያ የፈረንሳዩ ካስትል ቡድን አካል ለሆነው ቢጂአይ ተሸጠ። ከከተማው በስተደቡብ ምዕራብ ሰበታ ላይ ያለውን ሜታ አቦን የእንግሊዙ ዲያጆ በ2004 ዓ.ም. በ225 ሚሊዮን ዶላር ገዛው፤ በ2014 ዓ.ም. ያው ፋብሪካ ወደ ቢጂአይ እጅ ገባ። የሆላንዱ ሄኒከን በ2003 ዓ.ም. የሐረርንና የበደሌን ቢራ ፋብሪካዎች ከመንግሥት ገዝቶ ከገባ በኋላ በአዲስ አበባ ደቡብ ጫፍ ቂሊንጦ ላይ አዲስ ፋብሪካ ሠራ፤ ዋልያ ቢራ የመጣው በዚህ ነው።

በሌላው ዓለም ትልቅ ጠማቂ ትንሹን የሚያጠፋው ብዙ ጊዜ በመግዛት ነው። አሜሪካ ውስጥ ጉዝ አይላንድ የተባለውን ጠማቂ እ.ኤ.አ. በ2011 ግዙፉ የቢራ ኩባንያ ኤቢ ኢንቤቭ ገዛው፤ የሌላውን ጠማቂ የላጉኒታስን ግማሽ ሄኒከን በ2015፣ ቀሪውን በ2017 ጠቀለለ። እዚህ ጠላ ቤት ልግዛ የሚል ኩባንያ የለም። የሚገዛ ስምም የንግድ ምልክትም የለማ። ሙያው ያለው በጠማቂዋ እጅ ነው፤ እሷ ከሄደች ቤቱ ባዶ ነው። ስለዚህ ግፊቱ የሚመጣው በሌላ በር ነው። በየት በኩል እንደሚመጣ ለማየት ግን ጠላው ራሱ እንዴት እንደሚጠመቅ መታወቅ አለበት።

ከብቅል እስከ ጣሳ

ሥራው በብቅል ይጀምራል። ገብስ ታጥቦ አንድ ቀን ይነከራል፤ ውሃው በደንብ ተጠንፍፎ በኮባ ወይም በንጹሕ ጆንያ ይጠቀለልና ድንጋይ ይጫንበታል። ከሦስት እስከ አምስት ቀን ውስጥ ሥር አውጥቶ እርስ በርሱ ይያያዛል። ያኔ ተበታትኖ በፀሐይ ይሰጣና ይፈጫል። ሳይጠነፈፍ የተጠቀለለ ብቅል ይሻግታል፤ ሽታው እስከ መጨረሻው ጣሳ ይከተላል። ክረምት ላይ ፀሐይ ሲጠፋ ሳይደርቅ በጋለ ምጣድ የታመሰ ብቅል ደግሞ ጉልበቱን ያጣል። እህሉን ወደ ስኳር የሚለውጠው ኃይል በሙቀት ስለሚሞት ጠላው ቀጭንና ውሃ ውሃ የሚል ይሆናል።

ጋኑ በግራዋ ቅጠል ይታሻል፣ ይታጠባል፣ ከደረቀ በኋላ በወይራ ጭስ ላይ ተደፍቶ ይታጠናል። ጭሱ ለሽታ ብቻ አይደለም፤ በሸክላው ቀዳዳ ውስጥ ተደብቀው የሚቀሩትን አኮምጣጭ ተሕዋስያን ይቀንሳል። አሁን ብዙ ቤት ጋኑን ትቶ ፕላስቲክ በርሜል ይዟል፤ ይቀላል፣ አይሰበርም። በርሜል ግን እንደ ሸክላ አይታጠንም፣ የተጫረ ውስጡም ኮምጣጣ ይይዛል። ኬሚካል የነበረበት በርሜል ደግሞ ምንም ያህል ቢታጠብ ለጠላ መዋል የለበትም።

ተወቅጦ የተነፋ የጌሾ ቅጠል በውሃ ተበጥብጦ ከሁለት እስከ ሦስት ቀን ይቀመጣል። ከዚያ የብቅል ዱቄትና ተጋግሮ የተቆራረሰ ቂጣ ሲገባበት ጥንስስ ይባላል፤ በሁለት ቀን አረፋ ደፍቆ ይፈላል። ጌሾ ለቢራ ሆፕስ የሚሠራውን ይሠራል፤ መራራነት ይሰጣል፣ መኮምጠጥንም ያዘገያል። ዋናው እህል፣ ገብስ ወይም በቆሎ ወይም የሁለቱ ድብልቅ፣ ተቆልቶ ይፈጫል፤ በውሃ ተለውሶ እንደገና በምጣድ ሲታመስ እንኩሮ ይሆናል። የጠላው ቀለም የሚወሰነው እዚህ ነው። እንኩሮውን ትኩሱን ጥንስስ ላይ መጨመር እርሾውን ይገድለዋል፤ እጅ ሲገባበት ቀዝቀዝ ማለት አለበት። ከጌሾ እንጨት ጋር ገብቶ አፉ ይመረግና ከአምስት ቀን እስከ ሁለት ሳምንት ይቆያል። ይህ ድፍድፍ ነው። የተለመደው ልክ 1 እጅ ጌሾ፣ 2 እጅ ብቅል፣ 6 እጅ እህል ነው።

በመጨረሻ አንድ እጅ ድፍድፍ በሁለት ወይም በሦስት እጅ ውሃ ይበጠበጣል፣ ተከድኖ ያድራል፣ ጠለል ሲል ይቀዳል። የቧንቧው ውሃ ክሎሪን የሚሸት ከሆነ አስቀድሞ በክፍት ዕቃ ማሳደር ይገባል። ተራ ጠላ ከ2 እስከ 4 በመቶ አልኮል ይኖረዋል፤ ፊልተር የሚባለው ከ5 እስከ 6 ይደርሳል። ሳይጠል የሚጠጣው ጉሽ ነው፤ በዝቃጩ ላይ ዳግመኛ ውሃ ሲጨመር ቅራሪ ይወጣል፤ የቀረው አተላ ለከብት ይሄዳል።

ሦስት ቀን

ድፍድፍ ተመርጎ ሲቀመጥ ይቆያል። ሰዓቱ መቁጠር የሚጀምረው ውሃ ሲገባበት ነው። አልኮሉ ይቀጥናል፣ አየር ይገባል፣ ጋኑ በተከፈተና በተቀዳ ቁጥር ኮምጣጤ የሚሠሩት ተሕዋስያን ይበረታሉ። የፋብሪካ ቢራ ግን ተለይቶ በረባ እርሾ ይጠመቃል፤ ይጣራል፣ በ60 ዲግሪ አካባቢ ይሞቃል፣ አየር ሳይገባው በቆርኪ ይታሸጋል። ዝናብ ዘንቦ ጠጪ በቀረ ቀን ቢራ ሻጭ 24 ጠርሙስ የያዘውን ካሳ ለነገ ያሳድረዋል። ጠማቂዋ የበጠበጠችው 40 ሊትር ግን ነገ ዋጋው ይወርዳል፣ ከነገ ወዲያ ይደፋል። ይህን ኪሳራ የሚጋራት የለም።

ፍሪጁ የሚገባው በዚህ ቀዳዳ ነው። ፋብሪካዎች ለመጠጥ ቤት ፍሪጅ፣ ወንበር፣ ጃንጥላና የድራፍት ማሽን ይሰጣሉ፤ በምላሹ የሚጠብቁት የእነሱ ቢራ እንዲሸጥ ነው። ትንሽ ጠማቂ ይህን የምታደርግበት አቅም የላትም። ከሁሉ በላይ ጠላን የሚጎዳው ጠርሙሱ ሳይሆን ድራፍቱ ይመስለናል፤ በጃምቦ ተቀድቶ በቅናሽ የሚሸጥ፣ ከበርሜል የሚወጣ፣ ቆመው የሚጠጡት ስለሆነ ጠላ ለረጅም ዘመን ብቻውን ወደያዘው ቦታ ገብቷል።

ገብሱም ሌላ መስመር ነው። የብቅል ፋብሪካዎች ፕሮቲኑ ዝቅ ያለና እኩል የሚበቅል ገብስ ይፈልጋሉ፤ ገበሬው በውል ዘር ተሰጥቶት ትራቭለር ወይም ሆልከር የተባለውን የቢራ ገብስ ዝርያ ሲዘራ ለጠላና ለቆሎ የሚሆነው ጥቁር ገብስ ማሳ ይጠብበታል። ጠማቂዋ ገበያ ስትወጣ ወደ በቆሎ የምታዘነብለው ለዚህም ነው። በበቆሎ የበዛ ጠላ ይከብዳል፣ ቶሎም አይጠልም። በአተላው በኩል ግን ሁለቱ ይገናኛሉ፤ የሰበታና የሱሉልታ ወተት አርቢዎች የፋብሪካውንም የጠላ ቤቱንም አተላ ለላሞቻቸው ይገዛሉ።

ሕጉ በሁለት በኩል ይቆርጣል። በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 የአልኮል ማስታወቂያ ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን ወጥቷል፣ ለመግዛትም 21 ዓመት መሙላት ግድ ሆኗል። ማስታወቂያ ኖሮት የማያውቀው ጠላ በዚህ አልተነካም። የ2012ቱ የኤክሳይስ ታክስ አዋጅም የቢራን ዋጋ ሲያንር ጥቂት ጠጪ ወደ ጣሳ ተመልሷል። ከዚህ ሁሉ የከፋው የቦታ ነገር ነው። የጭቃ ቤቱ ፈርሶ ኮንዶሚኒየም ሲቆም ጠማቂዋ ምጣድ የምትጥድበትና ወይራ የምታጨስበት ጓሮ ታጣለች። የጋራ ማብሰያ የተሠራላቸው ሳይቶች አሉ፤ በሁለት ሳምንት የሚደርስ ጋን ግን በጋራ ቤት ውስጥ አስቀምጦ መሄድ አይቻልም።

በአዳዲሶቹ ሰፈሮች የሚታየው መላ ድፍድፍ መሸጥ ነው። ጓሮ ያላት ጠማቂ ትጠምቃለች፤ ክርስትና፣ ማኅበር ወይም ሰርግ ያለበት ቤተሰብ በጀሪካን ወስዶ ከድግሱ በፊት ባለው ማታ ራሱ ይበጠብጠዋል። ኪሳራው ከእሷ ላይ ይነሣል፣ ደጋሹም ትኩስ ጠላ ያገኛል። ጀሪካኑ እስከ አንገቱ መሞላት የለበትም፤ ክዳኑም ላላ ብሎ ይታሰር፣ ድፍድፉ በመንገድም መፍላቱን አያቆምም።