የደጋን የመሳቢያ ጉልበት ምንድን ነው?

«ለትልቅ አውሬ ከ70 ፓውንድ በታች የሆነ ደጋን መጫወቻ ነው» ሲባል ደሴም ኮምቦልቻም ስሰማ ከርሜአለሁ። ሰሞኑን ደግሞ አንድ ሰው ዒላማ መለማመድ ለጀመሩ ልጆች ይህንኑ ሲያስተምር አገኘሁት። ከልጆቹ አንዱ ደህና አድርጎ የሚስበውን ባለ 45 ፓውንድ ደጋን ሸጦ የማይችለውን ሊገዛ ተነሥቷል። ዝም ማለት አልቻልኩም።

የመሳቢያ ጉልበት ማለት አውታሩን እስከተወሰነ ርዝመት ስትስቡት ጣታችሁ ላይ የሚያርፈው ኃይል ነው። ሰው ሁሉ የሚዘለው «እስከተወሰነ ርዝመት» የሚለውን ነው። ደጋኑ ላይ 50 በ28 ተብሎ ከተጻፈ፣ 50 ፓውንድ (23 ኪሎ ገደማ) የሚሆነው 28 ኢንች ድረስ ሲሳብ ብቻ ነው። ክንዱ አጠር ያለ ሰው 25 ላይ ቢቆም በየኢንቹ ሁለት ሦስት ፓውንድ እየጎደለ 42 ወይም 43 አካባቢ ይሆንበታል። አውታሩ ፍላጻውን የሚገፋበት ርቀትም አብሮ ስለሚያጥር ደጋኑ ውስጥ የሚጠራቀመው ጉልበት ከሩብ በላይ ይቀንሳል። ስለዚህ የመሳቢያ ጉልበት የደጋኑና የሳቢው የጋራ ነው።

ታዲያ 70 ከየት መጣ? በጫፍና ጫፉ መዘውር ካለው ዘመናዊ ደጋን ነው የመጣው። እሱ ሲሳብ መሀል ላይ 70 ይደርስና መጨረሻው ላይ መዘውሩ ሸክሙን ይወስደዋል፤ እጅ ላይ የሚቀረው 15 ወይም 20 ፓውንድ ያህል ነው። አዳኙ እሱን ይዞ ተረጋግቶ ያነጣጥራል። በእኛው የእንጨት ደጋን ግን የመጨረሻዋ ኢንች ከሁሉም የከበደች ናት፣ የሚያግዝ ነገር የለም። ወንድሜ፣ ያንን ቁጥር አንሥተህ እዚህ ስትለጥፈው ልጁን 32 ኪሎ እየያዘ እንዲያነጣጥር እያዘዝከው ነው።

ሌላው ስሕተት ፓውንዱ ራሱ የሚገድል መምሰሉ ነው። ፍላጻ የሚጥለው ቆርጦ፣ ደም አፍስሶ ነው። ጥያቄው ሁለቱን ሳንባ ዘልቆ ያልፋል ወይ ነው። ቆቦ ሜዳ ላይ ማሽላ ሲያሽት ማማ ላይ የሚጠብቁትን ልጆች አስቡ። ክንድ ደጋን ነው፣ የወንጭፉ ድንጋይ ፍላጻ ነው። ጎረምሳው ጠጠር ቢወረውር ወፍ ይበርር ይሆናል፤ ዝንጀሮው ግን ጠጠሯ ብትደርሰው እንኳ ዞር ብሎ አይቶ መብላቱን ይቀጥላል። ክንዱ መካከለኛ የሆነ ልጅ ደህና ድንጋይ መርጦ ሲለቅ ያው ዝንጀሮ ጮኾ ይሮጣል። ከአቅሙ በላይ የከበደ ድንጋይ የጫነው ልጅ ደግሞ ወንጭፉን በወጉ ሳያዞር ይለቀዋል፣ ድንጋዩም የሰው ማሳ ላይ ያርፋል። ምሳሌው የማይደርስበት ግን አለ፤ ድንጋይ ያደቃል፣ ፍላጻ ይቆርጣል። ጫፉ ከዶለዶመ የደጋኑ ጉልበት ብዙ አይጠቅመውም።

ለ50 ፓውንድ ደጋን 32 ግራም ገደማ የሚመዝን ፍላጻ ደህና ነው። ቀላል ፍላጻ ይፈጥናል፣ ነገር ግን ሥጋና አጥንት ሲያገኝ ቶሎ ይቆማል። በጣም ከቀለለ ጉልበቱ ወደ ደጋኑ ተመልሶ እንጨቱን ይሰብራል፤ ያለ ፍላጻ አውታር ስባችሁ እንዳትለቁ የምለውም በዚሁ ምክንያት ነው።

የድኩላ ቁመና ላለው እንስሳ ከ40 እስከ 45፣ የአጋዘን ለሚያህል ከ50 እስከ 55 ፓውንድ ይበቃል፣ በራሳችሁ ክንድ ሲለካ ማለቴ ነው። አላስካ ውስጥ ሕጉ ሙስ ለሚባለው፣ ወንዱ 500 ኪሎ ሊያልፍ ለሚችል አውሬ የሚጠይቀው ትንሹ 50 ፓውንድ ነው። ናሚቢያ ደግሞ የምትደነግገው የፍላጻውን ጉልበትና ክብደት ነው። 70ና ከዚያ በላይ የእንጨት ደጋን ጎሽን ለሚያህል፣ ያውም ለዓመታት ለሰለጠነ ክንድ ነው። በአገራችን ያለ ፈቃድ ማደን ክልክል ነው፤ የቦረና ሳይንት ፓርክ ድኩላ ለማንም ዒላማ አይደለም። ይህን የምለው ቁጥሩ በትክክል እንዲታወቅ እንጂ ጫካ ግቡ ለማለት አይደለም።

ደጋን ከአቅም በላይ ሲሆን መጀመሪያ የሚበላሸው አሳሳብ ነው። ልጁ ለመሳብ ደጋኑን ወደ ሰማይ ያነሣል፣ ክርኑ ወደ ኋላ አይደርስም፣ እጁ እየተንቀጠቀጠ ሳያነጣጥር ይለቃል። የገዛው 65 ነው፣ የሚወረውረው በ50 ነው፣ ያውም ተንጋዶ። እንዲህ የተለቀቀ ፍላጻ እንስሳውን አቁስሎ ይሰደዋል፤ እንስሳው ገደል ገብቶ በስቃይ ይሞታል። እኔን የሚያበሳጨኝ ይኸ ነው። ጠዋት ሰውነታችሁን ሳታሟሙቁ፣ ተንበርክካችሁ፣ እስከ መጨረሻው ስባችሁ ጥቂት ሰከንድ ሳትንቀጠቀጡ መቆየት ካልቻላችሁ ደጋኑ ከብዷችኋል፣ አምስት ፓውንድ ቀንሱ።

ለመለካት ብዙ ነገር አያስፈልግም። የሚሳብበትን ርዝመት ፍላጻው ላይ ምልክት አድርጉ፣ አውታሩን በተንጠልጣይ ሚዛን መንጠቆ ይዛችሁ እስከ ምልክቱ ሳቡ፣ የሚነበበውን ኪሎ በ2.2 አባዙ። አዲስ የእንጨት ደጋን እየተሳበ ሲሄድ ትንሽ ይጎብጥና ጉልበቱን ይቀንሳል፤ የደሴ ጉምና እርጥበትም ያለሰልሰዋል፣ ባቲ ሲወርድ ደግሞ ይደርቃል። ከተወሰኑ ወራት በኋላ መልሳችሁ ለኩት፤ ማታ ማታም አውታሩን ፈትታችሁ አሳድሩት።