ቤታ ከማን ጋር ይኑር? የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

«ብቻውን ሲሆን ይከፋዋል።»
ቤታ በቤት ውስጥ በመስታወት ገንዳ የሚያኖሩት ባለ ቀለም ትንሽ ዓሣ ነው፤ የመንጋ ዓሣ ግን አይደለም። በትውልድ አገሩ በታይላንድ፣ ጥልቀት በሌለው ሞቃት ውኃና በሩዝ ማሳ ውስጥ፣ ወንዱ የራሱን ክልል ይዞ ሌላውን ያባርራል። ጓደኛ የምንጨምረው ለእሱ ብለን ሳይሆን ለዓይናችን ነው። 20 ሊትር የሚይዝ ገንዳ ብቻ ያለው ሰው ቤታውን ለብቻው ቢያኖረው አልበደለውም። ሌላ ዓሣ የሚታሰበው ከ40 ሊትር ጀምሮ ነው።

«ቤታ የቻለውን ውኃ ሌላውም ይችለዋል።»
ጎንደር ላይ ብዙ ዓሣ የሚያልቀው በዚህ እምነት ነው። ቤታ ወደ ውኃው ፊት ብቅ ብሎ አየር ይስባል፤ አብረውት የሚገቡት አብዛኞቹ ግን ያላቸው ስንጥብ ብቻ ነው። ከተማዋ ያለችው ከባሕር ወለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነ፣ ውኃ የሚይዘው ኦክስጅን በባሕር ዳርቻ ካለው በአንድ አምስተኛ ገደማ ያንሳል። ለቤታ ብለን ስናሞቀው ደግሞ ይበልጥ ይቀንሳል። መብራት ሲጠፋና ማጣሪያው ሲቆም ቤታው ደህና ይመስላል፤ ጓደኞቹ ግን ውኃው ፊት ላይ አፋቸውን ከፍተው ያለከልካሉ። ስለዚህ ከሚመከረው ቁጥር ቀንሰው ያስገቡ፤ በባትሪ የሚሠራ የአየር ፓምፕ ያዘጋጁ። ከሌለ ውኃውን በኩባያ እየቀዱ ከከፍታ መልሶ ማፍሰስ ይረዳል። ሙቀቱ እንዳያመልጥ ጎኖቹን በጋቢ ይሸፍኑ፤ ላዩን ግን ክፍት ይተዉት።

«ጎልድፊሽ ከሁሉም ጋር ይስማማል።»
ጎልድፊሽ ከ18 እስከ 22 ዲግሪ ይመቸዋል፤ ቤታ ከ25 እስከ 27 ይፈልጋል። አንዱ ሲመቸው ሌላው ይጎዳል። ጎልድፊሽ ትልቅ ይሆናል፣ ውኃም ቶሎ ያቆሽሻል። በጎንደር የሌሊት ብርድ ለ40 ሊትር 50 ዋት ማሞቂያና ቴርሞሜትር የግድ ነው።

«ፕሌኮ ያጸዳል።»
ፕሌኮ አልጌ እየላሰ ገንዳ ያጸዳል የሚባልለት ዓሣ ነው። የዓሣ ኩስ ግን አይበላም፤ የራሱን ይጨምራል እንጂ። የተለመደው ዓይነት ከ30 ሴንቲ ሜትር በላይ ያድጋል። መስታወቱ ላይ የሚበቅለው አረንጓዴ አልጌ ካስቸገረ አንድ ኔራይት ቀንድ አውጣ ይበቃል።

«ጋፒ ሰላማዊ ስለሆነ ችግር የለም።»
ጠቡን የሚጀምረው ቤታው ነው። የወንዱ ጋፒ ሰፊና ባለ ቀለም ጅራት ተቀናቃኝ ይመስለዋል። ታይገር ባርብ የሚባለው ዓሣ ደግሞ በተቃራኒው የቤታውን ክንፍ እየነጨ ይጨርሰዋል። ሴት ቤታም ብትሆን ከእርባታ ጊዜ ውጭ ከወንዱ ጋር አትኖርም።

«ከጎርጎራ የመጣ የቆሮሶ ጫጩት ትንሽ ነው።»
ቆሮሶ (ቲላፒያ) ዛሬ ትንሽ ነው፤ ነገ ቤታውን ያስጨንቀዋል። ጎርጎራ ካለችበት ከጣና ሐይቅ ጥገኛ ተሕዋስያንም ይዞ ሊመጣ ይችላል።

በ40 ሊትር የምንመርጠው ከሁለቱ አንዱን ነው፦ 6 ኤምበር ቴትራ፣ ወይም ደቃቅ አሸዋ ላይ 6 ፒግሚ ኮሪዶራስ፤ ሁለቱም ጥቃቅን ዓሦች ናቸው። ሽሪምፕ ማስገባት ይቻላል፤ ጫጩቶቹን ግን ቤታው ይበላቸዋል።

«አንድ ላይ ቢገቡ ምን አለበት?»
ቤታው ቀድሞ ከገባ ውኃውን ሁሉ የራሱ ያደርገዋል። አዲሶቹን ሌላ ዕቃ ውስጥ ከ2 እስከ 4 ሳምንት ለይተው ያቆዩ፤ ከዚያ እነሱ ይቅደሙ፣ ቤታው ይከተል። ቤታው ቀድሞ ካለ ለጊዜው ያውጡትና ድንጋዩንና ተክሉን ቦታ ለውጠው ይመልሱት። የስንጥቡን ክዳን ነፍቶ ለአፍታ ቢያስፈራራ የተለመደ ነው። በማግሥቱም እያሳደደ ከሆነ ወይም የአንዳቸው ክንፍ ከተቀደደ ግን በዚያው ቀን ይለያዩአቸው።