ዳምፒንግ ምንድን ነው? ጨጓራዋን ያሳነሰችው የአክስቴ ልጅ እና የጥምቀቱ ድፎ ዳቦ

አምና ለጥምቀት የአክስቴ ልጅ ከአሜሪካ መጣች፣ አዘዞ ኤርፖርት ልንቀበላት ሄደን አጠገባችን ቆማ እየሳቀችብን እኛ በሩን በሩን እናያለን፣ ለካ ያቺ 120 ምናምን ኪሎ የነበረችው ልጅ ግማሽ ሰው ሆናለች። ጋስትሪክ ባይፓስ የሚባለውን ኦፕራሲዮን ከተሰራች 5 ዓመቷ ነው። ሸጋ ሆና ነበር በእውነት። የጥምቀት ዕለት ታቦቱን ሸኝተን ከፋሲለደስ ጥምቀተ ባሕር በእግራችን ቤት ስንገባ አያታችን እምዬ ድፎ ዳቦ ቆርሰው ማር አፍስሰውበት ሰጧት፣ ሻዩም ያው እንደኛ ቤት ነው፣ ስኳሩ ማንኪያ ያቆማል። "እምዬ እኔ ጣፋጭ አይስማማኝም" አለች፣ "በሞቴ" አሉ። በሞቴ ከተባለ በኋላ ምን ይደረጋል፣ በላችው፣ ሻዩንም ጠጣች።

20 ደቂቃ ቢሆን ነው፣ ግንባሯ ላይ ላብ ችፍ አለ፣ ፊቷ ቀላ፣ ልቧ ሲደልቅ ነጠላዋ ከላይ ይርገበገባል፣ ሆዷን ይዛ ወደ ሽንት ቤት ሮጠች፣ ስትመለስ ሶፋው ላይ ዘፍ። እምዬ አንዴ አይተዋት "ቡዳ ነው፣ ያ ሁሉ ሰው መሐል እንዲህ አምራ ሄዳ እንዴት አይበላት" ብለው ጤና አዳም ሊቆርጡ ወደ ጓሮ ወጡ። ልጅቷ ደግሞ ዓይኗን ጨፍና "ተዉኝ፣ ዳምፒንግ ነው፣ ትንሽ ስጋደም ይለቀኛል" ትላለች። እምዬ "ዳንፒ የሚባል ቡዳ ሰምቼ አላውቅም" አሉ። እውነት ለመናገር እኔም ሰምቼ አላውቅም ነበር፣ እሷ እስክትመለስ ድረስ ስጠይቃትና ሳነብ ከረምኩ።

ቃሉ መገልበጥ ማለት ነው። ሲኖ ትራክ አሸዋ ሲገለብጥ አይታችኋል አይደል፣ ቀስ ብሎ በአካፋ ሳይሆን አንዴ ሙልጭ አድርጎ፣ በቃ እሱ ነው። ጤነኛ ጨጓራ የበላነውን ይዞ ያሻል፣ ይፈጫል፣ ከዛ ታች መውጫው ላይ ያለችው በር እየተከፈተች እየተዘጋች ለትንሹ አንጀት በትንሽ በትንሹ ታቀብላለች። ባይፓስ ሲሰራ ግን ከጨጓራው አናት ላይ 30 ሚሊ ሊትር ገደማ የምትይዝ ኪስ ትቀራለች (የቡና ሲኒ እንኳን አትሞላም)፣ የቀረው ጨጓራ ከነመውጫ በሩ ከመንገድ ይወጣል፣ የአንጀቱም የመጀመሪያ ክፍል ይዘለልና ኪሷ ወደ ታች ካለው የትንሹ አንጀት ክፍል ጋር ትቀጠላለች። ስለዚህ ዘበኛ የለም። ማሩ፣ ሻዩ፣ ዳቦው አንድ ላይ አንጀት ውስጥ ይገለበጣል።

ከዛ ምን ይሆናል፣ አንጀት ውስጥ የገባው ስኳር ወፍራም ስለሆነ ከደም ውስጥ ውሃ ወደ ራሱ ይስባል፣ አንጀቱ ይነፋል፣ ይቆርጣል፣ ያስቀምጣል፣ በደም ስር ያለው ፈሳሽ ደግሞ ስለቀነሰ ልብ ትሮጣለች፣ ራስ ያዞራል፣ አንጀቱ ራሱ የሚለቃቸው ሆርሞኖችም ተጨምረውበት ሰውየው ያልበዋል ይቀላል። ይሄ የመጀመሪያው ዓይነት ነው፣ ከተበላ ከ10 እስከ 30 ደቂቃ፣ ቢበዛ በአንድ ሰዓት ውስጥ ይመጣል። ያስፈራል እንጂ ብዙ ጊዜ ራሱ ያልፋል፣ ጋደም ማለትም ይረዳል።

እኔን ያሳሰበኝ ሁለተኛው ነው፣ ዘግይቶ የሚመጣው። ከጥምቀት በኋላ አንድ ቀን ፒያሳ ተገናኝተን ጁስ ቤት ገባን፣ ስፕሪስ አዘዝን፣ እሷ ከኔ ላይ ትንሽ ልቅመስ ብላ ግማሹን ጠጣችው። ምንም አልሆነችም፣ እንዲያውም ዛሬ ሆዴ ታረቀኝ አለች። ሁለት ሰዓት ገደማ ቆይቶ ወደ ማራኪ ባጃጅ ውስጥ ሆነን ልትከፍል ቦርሳዋን ከፈተች፣ እጇ ይንቀጠቀጣል፣ ብሮቹን ትቆጥራለች መልሳ ትቆጥራለች፣ ስንት እንደሆነ ጠፋት። የባጃጁ ሹፌር ሰክራለች መስሎት በመስታወት ያያታል። ምክንያቱ ምን መሰላችሁ፣ ስኳሩ በአንዴ ወደ ደም ሲጎርፍ ሰውነት ደንግጦ ኢንሱሊን ከልክ በላይ ይለቃል፣ ኢንሱሊኑ ስኳሩን ጠርጎ ከጨረሰ በኋላም ስራውን አያቆምም፣ እናም ከ1 እስከ 3 ሰዓት ባለው ጊዜ የደም ስኳር ወርዶ ቁጭ ይላል። መንቀጥቀጥ፣ ላብ፣ ርሃብ፣ መደናገር፣ አንዳንዴ ራስን እስከመሳት። መኪና እየነዳ የሚመጣበትን ሰው አስቡት። ብዙ ሰው ደግሞ ከሁለት ሰዓት በፊት ከጠጣው ጁስ ጋር አያገናኘውም፣ ደክሞኝ ነው ይላል። በዛን ሰዓት ትንሽ ስኳር ያስፈልጋል፣ ግን በጣፋጭ ብቻ ከተገላገለው ያው ዙሩ እንደገና ይጀምራል፣ ስለዚህ ፕሮቲን ያለው ነገር መከተል አለበት።

ነገሩ አዲስ አይደለም፣ ለክብደት ተብሎ ባይፓስ በአሜሪካ በ1966 እ.ኤ.አ. ከመጀመሩ በፊትም በአልሰር (በጨጓራ ቁስለት) ምክንያት ጨጓራቸው የተቆረጠ ሰዎች ላይ ይታወቅ ነበር። ስሊቭ የሚባለው ኦፕራሲዮን፣ ጨጓራውን በቁመቱ ቆርጦ 80 በመቶ ያህሉን የሚያወጣው፣ በሯን ስለማይነካት ዳምፒንጉ ይቀንሳል ግን አይጠፋም፣ ቃርም የሚያመጣበት ሰው ብዙ ነው፣ የወጣው ጨጓራ ደግሞ አይመለስም።

እና ዳምፒንግ የሐኪም ስህተት አይደለም። ቧንቧው እንደዛ ስለተቀጠለ ነው። እንዲያውም ጣፋጭ ያስጠላቸዋል ብለው እንደ ጥቅም የሚያዩት ሐኪሞች አሉ፣ እኔ ግን በላብና በተቅማጥ የሚገረፍ ሰው አይቼ ይሄ ጥቅም ነው ለማለት ይከብደኛል። የሷ ቅሬታ ሌላ ነው፣ የሰራት ሆስፒታል ስንት ኪሎ እንደምትቀንስ በግራፍ አሳይቷታል፣ ዳምፒንግ ግን ከምትፈርምበት ወረቀት ላይ አንድ መስመር ነበር።

ይቆጭሻል ወይ ብዬ ጠየቅኳት። ወዲያው አልመለሰችም። ስኳር በሽታዬ ጠፋ፣ ኪኒኑን ካቆምኩ አራት ዓመቴ ነው፣ ጉልበቴ ዳነ፣ ደረጃ እወጣለሁ አለች፣ እና ይሄ ቀላል ነገር አይደለም፣ ስኳር ያለበት ቤተሰብ የሚያውቀው ያውቀዋል። ከዛ ግን "ማዕድ ነው የሚቆጨኝ" አለች። ሰርግ ቤት አንድ ጉርሻ ይበቃታል፣ ሁለተኛው ሲመጣ እጅ ትመልሳለች፣ እኛ ዘንድ ደግሞ ጉርሻ መመለስ ምን ማለት እንደሆነ ታውቃላችሁ፣ አንዷ ዘመዳችን "አሜሪካ ኮራሽ" አለቻት በፊቷ። በምግብ መሐል ውሃም አትጠጣም፣ ግማሽ ሰዓት መጠበቅ አለባት፣ ምክንያቱም ፈሳሽ ሲጨመር ምግቡ ቶሎ ይንደረደራል። ጠላ በቀመሰች ቁጥር ደግሞ ቶሎ ይመታታል፣ አልኮል ከባይፓስ በኋላ ወደ ደም የሚገባው ፈጥኖና በዝቶ ስለሆነ፣ ከሁለተኛው ዓመት ጀምሮ መጠጥ ላይ የሚወድቁ ሰዎች ቁጥር እንደሚጨምርም በጥናት ታይቷል። እሷ በዚህ በኩል ፈጣሪ ይመስገን።

ጾሙ ሌላ ጣጣ ነው። እስከ 9 ሰዓት ምንም ሳይቀምሱ ውሎ ከዛ በአንዴ መብላት ለዳምፒንግ ግብዣ ነው፣ እሷ የታዘዘችው በቀን አምስት ስድስቴ በትንሽ በትንሹ እንድትበላ፣ ፕሮቲን መጀመሪያ፣ ቢያንስ 60 ግራም። በሁዳዴ 55 ቀን እንቁላል የለ ወተት የለ፣ 60 ግራም ከሽሮና ከምስር ለማግኘት ስንት ጭልፋ እንደሚያስፈልግ አስቡ፣ ኪሷ ደግሞ የሲኒ ያህል አትይዝም። የንስሐ አባቷ አንቺ ሕመምተኛ ነሽ ብለው ፈቅደውላታል፣ ግን ሰው ፊት መብላቱ ያሳፍራታል።

ከሻንጣዋ ግማሹ ኪኒን ነው። ቢ12፣ ብረት፣ ካልሲየም፣ ቫይታሚን ዲ፣ ዕድሜ ልክ። የተዘለለው አንጀት ብረትና ካልሲየም በደንብ የሚገቡበት ቦታ ስለነበር ነው፣ ቢ12 ደግሞ ጨጓራው የሚያመነጨው ነገር ካላገዘው አይገባም። ብረቱና ካልሲየሙ አብረው አይዋጡም፣ ሁለት ሰዓት ይለያያሉ፣ ስልኳ ቀኑን ሙሉ ሲጮህ ይውላል። ሁለተኛ ዓመቷ ላይ ሰልችቷት ተወችው፣ ደም ማነስ ያዛት፣ ጣቷ ይደነዝዝ ጀመር፣ አሁን አትቀልድም። የሚገርመው ለኛ አድቪል (ማስታገሻው፣ ኢቡፕሮፌን ማለት ነው) በፌስታል አምጥታ እሷ አንዷን አትነካም፣ ኢቡፕሮፌንና ዲክሎፌናክ ስፌቱ ላይ አልሰር ያመጣሉ። ይሄን እንኳን በደንብ ያዙልኝ፣ እኛ አገር ወገቤን ባሉ ቁጥር ዲክሎ ነው የሚሰጠው፣ ባይፓስ የተሰራ ሰው ፋርማሲ ሲገባ መናገር አለበት።

አሁን አሁን ቱርክ ምናምን ሄደው ተሰርተው የሚመጡ እንሰማለን። አትሂዱ አልልም፣ እኔ ማነኝ። ግን የምትሄዱ ከሆነ ስንት ኪሎ እቀንሳለሁ ከማለታችሁ በፊት ዳምፒንግ ቢመጣብኝ እዚህ ማን ያየኛል፣ የደም ምርመራዬን በየዓመቱ ማን ይከታተለኛል፣ ቫይታሚኑን በቋሚነት ከየት እገዛለሁ ብላችሁ ጠይቁ። ኪሎውም ቢሆን ሁሉም እንደወረደ አይቀርም፣ እሷ ራሷ ከቀነሰችው 11 ኪሎ ተመልሶባታል።

የምትሄድ ቀን እምዬ ቁርስ ላይ ጥፍር የምታህል ጉርሻ ጠቅልለው "ይቺ እንኳን አትገለበጥም" ብለው አጎረሷት፣ ተቀበለች። አዘዞ ደርሰን ሻንጣዋ ሲፈተሽ ከቫይታሚኖቹ መሐል በጨርቅ የተቋጠረ ነገር ተገኘ፣ ፈታሿ ምንድን ነው አለቻት፣ ፈታችው፣ ደረቅ ጤና አዳም ነው። "ለዳንፒው" ብለው የከተቱላት።