ከሂርማታ ገበያ እስከ ክላሽ፦ ጠመንጃ በጅማ

የጅማ ስም የሚነሳው በቡናዋ፣ በማሯና ከአንድ ግንድ ተፈልፍሎ በሚወጣው ባለ ሦስት እግር በርጩማዋ ነው። ከጠመንጃ ጋር አያይዞ የሚያነሳት ብዙም የለም። ዳሩ ግን በ19ኛው ክፍለ ዘመን መገባደጃ ወደ ኢትዮጵያ የጎረፈው ጠመንጃ በምን ተገዛ ተብሎ ቢጠየቅ፣ መንገዱ ዞሮ ዞሮ ጊቤን ተሻግሮ ሂርማታ ገበያ ያደርሳል። የዛሬዋ ጅማ ከተማ ባደገችበት በዚያ ገበያ የዝሆን ጥርስ፣ ዝባድ፣ ቡናና ወርቅ ይሸጥ ነበር፤ መደበቅ የለበትምና ባሪያም ይሸጥ ነበር። ሸቀጡ በሸዋ በኩል አልፎ ወደ ባሕሩ ይወርዳል። ከታጁራና ከሌሎቹ ወደቦች ሽቅብ የሚመለሰው ግመል ደግሞ ጠመንጃና ጥይት ተጭኖ ይመጣል። ፈረንሳዊው ባለቅኔ አርተር ራምቦ እንኳ ግጥሙን ትቶ ነጋዴ ከሆነ በኋላ ወደ 2000 የሚጠጉ ያረጁ ጠመንጃዎች ከታጁራ አስጭኖ እ.ኤ.አ. በ1887 ሸዋ ደርሷል። ባሰበው ዋጋ ግን አልሸጣቸውም።

ስለ ስሙ ጥቂት ማለት ያስፈልጋል። አንዳንዱ «ጠብመንጃ» ብሎ ይጽፍና ጠብ የሚነዳ ማለት ነው ብሎ ይፈታዋል። ፍቺው ከቃሉ አመጣጥ ይልቅ ከሰዉ ገጠመኝ የወጣ ይመስለኛል። ጅማ ላይ በኦሮምኛ ቃዌ ነው። የየዓይነቱ ስም ግን ከነሸቀጡ የመጣ ነው። የፈረንሳዮቹ «ፉዚል ግራ» በአገሬው አፍ ውጅግራ፣ የእንግሊዙ ስናይደር ስናድር፣ የኦስትሪያው ማንሊከር ምንሽር ሆነ። መትረየስም ከፈረንሳይኛ የተወሰደ ነው። ሽጉጥ ብቻ ከ«ሸጎጠ» የወጣ የራሳችን ቃል ነው፤ ጉያ ውስጥ የሚገባ መሣሪያ መሆኑን ስሙ ራሱ ይናገራል።

ጠመንጃ ሠሪዎች ለዘመናት ሲታገሉት የኖሩት አንድ ችግር አለ፤ ተኳሹ ሁለተኛውን ጥይት እስኪያጎርስ ጠላቱ ይደርስበታል። የግራኝ አህመድ ወታደሮችም ሆኑ እ.ኤ.አ. በ1541 የመጡት 400 ያህል ፖርቱጋሎች የያዙት ነፍጥ ባሩዱ የሚለኮሰው በሚጤስ ገመድ ነበር። ቀጥሎ በባልጩት ፍንጣሪ የሚለኮሰው መጣ፤ ከዚያም ሲመቱት የሚፈነዳ ትንሽ የናስ ቆብ ያለው። የሦስቱም አጎራረስ ያው ነው፦ ባሩድ በአፈሙዙ ይፈስሳል፣ አረሩ ይከተላል፣ በዘንግ ይጠቀጠቃል። የሠለጠነ ተኳሽ በደቂቃ ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ ቢተኩስ ነው። በአንዱና በሌላው ተኩስ መካከል ባለው 20 ሰከንድ ጋላቢ ፈረሰኛ ከ200 ሜትር በላይ ይሮጣል። የጊቤ አገር ፈረሰኛ በጦርና በጋሻ ብቻ ለረጅም ጊዜ ተፈርቶ የኖረበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

ነገሩን የለወጠው ከኋላ መጉረስ መጀመሩ ነው። ውጅግራን ቀረብ ብሎ ማየት ይበቃል። እ.ኤ.አ. በ1874 የወጣ የፈረንሳይ ጠመንጃ ሲሆን፣ ርዝመቱ 1 ሜትር ከ30፣ ክብደቱ ከ4 ኪሎ በላይ ነው። የመዝጊያው እጀታ ወደ ላይ ይነሳና ወደ ኋላ ይሳባል። አንዲት ባለ 11 ሚሊ ሜትር ጥይት በጣት ትገባለች፤ መዝጊያው ይገፋል፣ ይጠመዘዛል፣ ምላጩ ይሳባል። ባሩዱ፣ አረሩና የሚለኩሰው ቆብ ሁሉም በአንድ የናስ ቀለህ ውስጥ ስለታሸጉ ዝናብ አይፈራም፤ ክረምቱ ረጅም በሆነበት በጅማ አገር ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ቀለሁ በሙቀት ሲለጠጥ የኋላውን ቀዳዳ ስለሚደፍነው እሳቱ ወደ ተኳሹ ዓይን አይመለስም። በብረቱ ውስጥ የተቀረጹት ጠመዝማዛ ቦዮች አረሩን እንደ እንዝርት ያሽከረክሩታል፤ የሚሽከረከር አረር አይገለባበጥም፣ መስመሩን ይዞ ይሄዳል። አረሩ 25 ግራም እርሳስ ነው፤ የዛሬው የክላሽ ጥይት አረር 8 ግራም አይሞላም። ውጅግራ አጥንት ሲያገኝ የሚያደርገውን ከዚህ መገመት ይቻላል። ጉድለቱ ጭሱ ነው። ጥቁር ባሩድ ስለሚጠቀም ከአንድ ተኩስ በኋላ ተኳሹ ኢላማው አይታየውም፣ እሱ ግን ከሩቅ ይታያል።

የዚህ ሁሉ ዋጋ ከየት ወጣ? በ1874 ዓ.ም. እምባቦ ላይ የሸዋና የጎጃም ጦር ሲገጥም የጠቡ ሥር የጊቤ ማዶ ንግድና ግብር ነበር። ራስ ጎበና የመሩት የሸዋ ጦር ድል አድርጎ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ተማረኩ። እ.ኤ.አ. ከ1878 ጀምሮ በጅማ የነገሡት ዳግማዊ አባ ጅፋር ሁኔታውን ቀድመው አነበቡት፤ እናታቸው ጉሚቲ መክረዋቸው ነበርም ይባላል። ለምኒልክ ገብረው የውስጥ አስተዳደራቸውን ያዙ። በዚህም ነፍጠኛ እንደ ሌላው የደቡብ አገር ጅማ ላይ አልሰፈረም፤ ይህ ሁኔታ እሳቸው እ.ኤ.አ. በ1932 እስካረፉበት ጊዜ ድረስ ዘለቀ። አንዳንዱ ይህን ፍርሃት ይለዋል። እኔ ግን ሂሳብ አዋቂነት ይመስለኛል፦ በዝሆን ጥርስና በቡና ጠመንጃ ገዝቶ ከመዋጋት፣ ያንኑ ሀብት ለባለ ጠመንጃው ሰጥቶ ገበያን ማትረፍ። በጎረቤት ያለው የከፋ መንግሥት አልገብርም ብሎ፣ አብዛኛውን በጦር ተዋግቶ እ.ኤ.አ. በ1897 ወደቀ። ከዘማቾቹ መካከል የጅማ ሰዎችም ነበሩ። ከከተማው ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቆ ጅሬን ኮረብታ ላይ ያለው የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት እስከ ዛሬ ቆሟል።

ጥይት የተኩስ ዕቃ ብቻ አልነበረም። በደቡብና በምዕራብ ገበያዎች ከአሞሌ ጨው ጎን ለጎን እንደ ዝርዝር ገንዘብ ያገለግል ነበር። ጠገራ ብር ለትንሽ ግዢ ይከብዳልና መልሱ በጥይት ይቆጠር ነበር። የተተኮሰው ቀለህም አይጣልም፤ ተለቅሞ፣ ባሩድና አረር ተሞልቶ እንደገና ይተኮሳል። ዝናር የታጠቀ ሰው እንግዲህ ወገቡ ላይ ቦርሳም ነበረው ማለት ነው።

ጭሱን ያጠፋው የፈረንሳዩ ኬሚስት ፖል ቪዬይ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1884 ጭስ አልባ ባሩድ ሠራ። ከሁለት ዓመት በኋላ በዚያው ባሩድ የሚተኩሰው ለቤል ወጣ፤ 8 ሚሊ ሜትር፣ ከብረቱ ሥር ባለ ቱቦ ውስጥ 8 ጥይት የሚይዝ። በቱቦው ውስጥ የአንዱ አረር ጫፍ የፊተኛውን ጥይት ቆብ ገፍቶ እንዳያፈነዳ የመጀመሪያዎቹ አረሮች ጫፋቸው ጠፍጣፋ ተደርጎ ነበር። ምንሽር መፍትሔው የተሻለ ነው። አምስቱ ጥይት በቆርቆሮ ማቀፊያ ታስሮ በአንዴ ከላይ ይገባል፤ የመጨረሻዋ ስትጎርስ ባዶው ማቀፊያ ከሥር ይወድቃል። «አምስት ጎራሽ» የሚለው አጠራር የመጣው እንዲህ ካለው ጠመንጃ ነው፤ በኛ አገር የጠመንጃ ማዕረግ የሚለካው በስንት ጎራሽነቱ ነበርና። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. አድዋ ላይ የተሰለፈው ጦር ግን አንድ ዓይነት መሣሪያ አልነበረውም። ከግብፅ ጦር በጉንደትና በጉራ የተማረከው ሬሚንግተን፣ ውጅግራው፣ የሩሲያው በርዳንና ከጣሊያን ራሷ የተገኘው ቬተርሊ አብረው ዘምተዋል። ለእያንዳንዱ የሚሆነውን ጥይት ለይቶ ማደል ምን ያህል ራስ ምታት እንደነበር ማሰብ ነው።

ጅማ ጦርነቱን በቅርብ ያየችው በጣሊያን ጊዜ ነው። ራስ እምሩ ከጥቁር አንበሳ ጦር ጋር ወደ ደቡብ ምዕራብ አፈግፍገው ታኅሣሥ 1929 ዓ.ም. ጎጀብ ወንዝ አካባቢ እጃቸውን ሰጡ። ጣሊያኖችም ጅማን የደቡብ ምዕራብ ግዛታቸው መቀመጫ አድርገው ሕንፃ ሠሩባት። ወታደሮቻቸው የያዙት ካርካኖ 6.5 ሚሊ ሜትር፣ ስድስት ጎራሽ ነው። ከተማዋ ሰኔ 1933 ዓ.ም. ነፃ ስትወጣ የደጃዝማች ገረሱ ዱኪ አርበኞች ከእንግሊዝ ጦር ጋር ነበሩ።

ከዚያ ወዲህ ያለው በፍጥነት ይነገራል። በ1945 ዓ.ም. ከአሜሪካ ጋር ከተደረገው ስምምነት በኋላ የክብር ዘበኛና የጦር ሠራዊት እጅ ላይ ኤም ዋን በዛ፤ ስምንት ጥይት ይጎርሳል፣ ምላጩ በተሳበ ቁጥር ራሱ ያጎርሳል። በደርግ ዘመን ሶቪየት ስትመጣ ክላሽ ሁሉን ተካው። ከተተኮሰው ጥይት ጋዝ ከፊሉ በትንሽ ቀዳዳ ወጥቶ መዝጊያውን ወደ ኋላ ይገፋል፣ ሞላ ይመልሰዋል። ካዝናው 30 ይይዛል፤ ምላጩ ተይዞ ከቀረ በ3 ሰከንድ ያልቃል።

በ2012 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1177 መሣሪያ መያዝን ፈቃድና ምዝገባ የሚጠይቅ አድርጎታል። ውጅግራ ግን ከመተኮስ የወጣው ከአዋጁ በፊት ነው፤ የ11 ሚሊ ሜትሩ ጥይት ከገበያ ከጠፋ ቆይቷል። ቅርስ ሆኖ ግድግዳ ላይ የቀረውን ያወረደ ሰው ብረቱ ዝጎ፣ ሰደፉ ግን ጉንጭ ያረፈበት ቦታ ላይ ለስልሶ ያገኘዋል።