ጾታን በመታወቂያ ላይ ማስቀየር፦ ሰው የሚያስበውና እውነታው

ፓስፖርቱ ላይ «ሴት» ይላል። ፓስፖርቱን የያዘው ሰው ግን ጺሙን ያሳደገ፣ ድምፁ የወፈረ ሰው ነው። የኢሚግሬሽን ሠራተኛው ወረቀቱን ያያል፣ ፊቱን ያያል፣ ተመልሶ ወረቀቱን ያያል። ከዚያ «እስቲ ወደዚህ ና» ይላል።

ትራንስጀንደር የሚባሉት ሲወለዱ ከተመዘገበላቸው ጾታ በተለየ ጾታ የሚኖሩ ሰዎች ናቸው። ይሄ ነገር የሚገጥማቸው ድንበር ላይ ብቻ አይደለም። ባንክ ሲሄዱ፣ ሲታመሙ፣ ቤት ሲከራዩ፣ ሥራ ሲቀጠሩም ያው ነው። ለማያውቁት ሰው የግል ሕይወታቸውን መዘርዘር አለባቸው፣ ያውም ወረፋ ላይ ሌላው እየሰማ። አንዳንዱ ቦታ ላይ ይሄ ሰውን ለዱላ ያጋልጣል። የምጽፈው መታወቂያ ላይ ያለችው ያቺ አንዲት ቃል ቀላል ነገር ስላልሆነች ነው። ስለ ጉዳዩ የሚወራው አብዛኛው ነገር ደግሞ ልክ አይደለም።

«ቀዶ ሕክምና ያላደረገ ሰው ማስቀየር አይችልም»

በጣም የተለመደው አባባል ይሄ ነው። ከየትም አልመጣም፣ በብዙ አገር ሕጉ ራሱ እንዲያ ይል ነበር። ስዊድን በ1972 (እዚህ ያሉት ዓመታትና ወራት ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) ጾታን በሕግ ማስቀየርን በመፍቀድ ከዓለም የመጀመሪያዋ ናት። ግን አመልካቹ መውለድ እንዳይችል መሆን ነበረበት። ልብ በሉ፣ ወረቀት ለማስተካከል ሲባል መካን መሆን ማለት ነው። ይሄ ግዴታ የተነሳው በ2013 ነው። በ2018 የስዊድን መንግሥት ይህ ለደረሰባቸው ሰዎች ለእያንዳንዳቸው 225,000 ክሮነር ካሳ ለመክፈል ወሰነ። ገንዘቡ የማይመልሰው ነገር አለ። ቢሆንም መንግሥት «አጥፍቻለሁ» ብሎ ሲከፍል ትንሽ ነገር አይደለም።

ሌሎቹም ተራ በተራ ተከተሉ። የጀርመን ሕገ መንግሥታዊ ፍርድ ቤት በ2011 ተመሳሳይ ግዴታ ሻረ። የአውሮፓ የሰብዓዊ መብቶች ፍርድ ቤት በ2017 በፈረንሳይ ላይ በቀረበ ክስ፣ ማምከንን ቅድመ ሁኔታ ማድረግ የሰውን የግል ሕይወት መብት ይጥሳል አለ። የጃፓን ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደግሞ በጥቅምት 2023 የራሱን አገር ሕግ ሕገ መንግሥቱን ይቃረናል ብሎ ወሰነ። አርጀንቲና ከእነዚህ ሁሉ ርቃ ሄዳለች። በ2012 ያወጣችው ሕግ ቀዶ ሕክምናም፣ የሐኪም ወረቀትም፣ ዳኛም አይጠይቅም።

ዛሬም ቀዶ ሕክምና የሚጠይቁ አገሮች አሉ። «የግድ ነው» የሚለው በአንዳንድ ቦታ እውነት ነው ማለት ነው። በሁሉም ቦታ እውነት ነው ማለት ግን ስህተት ነው።

«ጠዋት ተነስቶ ቢሮ ሄዶ ማታ ተቀይሮ ይመጣል»

በራስ ቃል ብቻ ማስቀየር የሚፈቅዱ አገሮችም እንኳ እንዲህ አይሠሩም። ጀርመን ከኅዳር 2024 ጀምሮ በሥራ ላይ ያዋለችውን ሕግ እንይ። ሰውየው መጀመሪያ በሲቪል መዝገብ ቢሮ ሐሳቡን ያስመዘግባል። ከዚያ ሦስት ወር ይጠብቃል። ሦስት ወሩ ሲሞላ ራሱ በአካል ተገኝቶ ቃሉን ይሰጣል። በስድስት ወር ውስጥ ካልመጣ የመጀመሪያው ማመልከቻ ይወድቃል። ከተቀየረ በኋላ ደግሞ ሐሳቡን ቢለውጥ ለአንድ ዓመት ሌላ ለውጥ ማመልከት አይችልም። ዴንማርክም በ2014 ከአውሮፓ ቀድማ ይህን መንገድ ስትከፍት የስድስት ወር ማሰቢያ ጊዜ አስቀምጣ ነበር።

ብሪታንያ ጋ ስንመጣ ነገሩ ይከብዳል። በ2004ቱ ሕግ መሠረት የሐኪም ምርመራ ውጤት ያስፈልጋል። ቢያንስ ሁለት ዓመት በዚያ ጾታ መኖርን የሚያሳይ ማስረጃ ይቀርባል። ይሄውም ደመወዝ መክፈያ፣ የቤት ደብዳቤ፣ የመብራት ሂሳብ ዓይነት ወረቀት ነው። ከዚያ ሌላ «እስክሞት በዚሁ ጾታ እኖራለሁ» የሚል ቃለ መሐላ ይታከላል። በዚህ ላይ መዋሸት በእስር ያስቀጣል። ሰነዱን የሚያየው ኮሚቴ አመልካቹን ፊት ለፊት ላያገኘው ይችላል። ሕይወትህን በወረቀት ብቻ አስረዳ ማለት ነው።

«አንዴ ከተቀየረ ሁሉም ወረቀት አብሮ ይቀየራል»

ቢሆን ደግ ነበር። እያንዳንዱ ወረቀት የራሱ መሥሪያ ቤትና የራሱ ሕግ አለው። ብሪታንያ ውስጥ ፓስፖርትን በሐኪም ደብዳቤ ማስቀየር ይቻላል፣ የልደት ምስክር ወረቀት ግን ያ ሙሉ ሂደት ያስፈልገዋል። ስለዚህ አንድ ሰው ፓስፖርቱ ላይ ወንድ፣ ልደቱ ላይ ሴት ሆኖ ዓመታት ሊኖር ይችላል።

የትምህርት ማስረጃ ደግሞ ራሱን የቻለ ጣጣ ነው። ሰዎች ይረሱታል እንጂ ሥራ ሲፈልጉ መጀመሪያ የሚጠየቁት እሱን ነው። ኬንያ ውስጥ አንዲት ትራንስ ሴት (ስትወለድ ወንድ ተብላ የተመዘገበች) የሁለተኛ ደረጃ ሰርተፊኬቷ ላይ ያለው ስምና ጾታ ከእሷ ጋር ስላልገጠመ ሥራ ማግኘት አቃታት። ፍርድ ቤት ሄደች። በ2014 ከፍተኛው ፍርድ ቤት የፈተናዎች ምክር ቤቱ ስሟን እንዲቀይርና የጾታ ምልክቱን ከሰርተፊኬቱ ላይ እንዲያነሳ አዘዘ። ውጤቷ ያው ነው። የተፈተነችውም እሷው ናት። ለዚህ ክስ ማስፈለጉ ያሳዝነኛል።

«ከወንጀልና ከዕዳ ለማምለጥ ነው»

ይሄ ስጋት ሲነሳ እሰማለሁ፤ መልሱ ሕጎቹ ውስጥ አለ። የአርጀንቲና ሕግ የሰውየው መታወቂያ ቁጥር እንደማይቀየር፣ ያለበት ግዴታም እንደማይጠፋ በግልጽ ጽፏል። ስፔንም በ2023 ሕጓ ቁጥሩን አስቀርታዋለች። አሻራ ጾታ አይቀይርም። ባንኩም ዕዳውን አይረሳም።

ስዊድን ትንሽ ትለያለች። እዚያ የዜጋው መለያ ቁጥር ራሱ ጾታ ይናገራል፤ ከመጨረሻው አንድ በፊት ያለው አኃዝ ለወንድ ጎዶሎ፣ ለሴት ሙሉ ቁጥር ነው። ስለዚህ ጾታ ሲቀየር ቁጥሩም መቀየር ግድ ይሆናል። መዝገቡ ግን አሮጌውንና አዲሱን ቁጥር ያያይዛቸዋል። በተግባር የሚቸገረው ሰውየው ነው፤ አሮጌው ቁጥር ባለበት ሁሉ እየዞረ ማስተካከል አለበት።

«የምዕራባውያን ነገር ነው»

የኔፓል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ከወንድና ከሴት ውጪ ያሉ ሰዎች በሰነድ እንዲታወቁ የወሰነው በ2007 ነው። የፓኪስታን ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2009 ተመሳሳይ መንገድ ከፈተ፣ በ2018 ሕግ ወጣ፤ በ2023 ደግሞ የሸሪዓ ፍርድ ቤቱ የሕጉን ዋና ዋና አንቀጾች ሻረ። ደቡብ አፍሪካ ሕጓን ያወጣችው በ2003 ነው፣ ከብሪታንያ አንድ ዓመት ቀድማ። በ2017 የቦትስዋና ከፍተኛ ፍርድ ቤት የአንድ ትራንስ ወንድ (ሲወለድ ሴት ተብሎ የተመዘገበ ሰው) መታወቂያ እንዲስተካከል አዘዘ።

ብዙ ሰው የማይጠብቀው ኢራንን ነው። በ1980ዎቹ የአገሪቱ መሪ አያቶላ ኾሜይኒ በሰጡት ፈትዋ (ሃይማኖታዊ ብይን) መሠረት ከቀዶ ሕክምና በኋላ ፍርድ ቤት አዲስ ሰነድ እንዲሰጥ ይፈቅዳል። ይሄን ግን እንደ ምቹ አገር ማሳያ አላቀርበውም። የተመሳሳይ ጾታ ግንኙነት በሞት በሚያስቀጣበት አገር፣ ቀዶ ሕክምናውን የማይፈልጉ ሰዎችም ወደዚያ እንደሚገፉ የመብት ተሟጋቾች ደጋግመው ተናግረዋል።

በተቃራኒው ሃንጋሪ አውሮፓ ውስጥ ሆና በ2020 በሩን ዘግታለች።

«ትራንስ ሰው ሁሉ ሦስተኛ ጾታ ነው የሚፈልገው»

አይደለም። ብዙዎቹ የሚፈልጉት «ወንድ» ወይም «ሴት» የሚለው ቃል ብቻ እንዲስተካከል ነው። አንዳንድ ፓስፖርት ላይ በጾታው ቦታ የምትጻፈው ኤክስ (X) የመጣችው ከዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት መስፈርት ነው። ትርጉሟም «ያልተገለጸ» ነው። ጀርመን በ2018 መዝገቧ ላይ ያስገባችው ሌላ ምድብም መጀመሪያ የታሰበው ለኢንተርሴክስ ሰዎች፣ ማለትም ሲወለዱ የአካላቸው ጾታ ከተለመደው የሚለይ ሰዎች፣ ነበር። ሁለቱን ማምታታት ሁለቱንም ወገን ይጎዳል።

«ወረቀቱ ካለ የትም መግባት ይቻላል»

የስፖርት ፌዴሬሽኖች የራሳቸው ደንብ አላቸው። መታወቂያው ላይ ስላለው ብቻ አያወዳድሩም። እስር ቤቶችም እንዲሁ። በሚያዝያ 2025 የብሪታንያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በእኩልነት ሕጉ ውስጥ «ሴት» የሚለው ሲወለዱ ያለውን ጾታ እንደሚያመለክት ወሰነ። ይህ በሕግ የጾታ ማረጋገጫ ያላቸውንም ይጨምራል። ውሳኔው ብዙዎችን አስከፍቷል፣ ብዙዎችን አስደስቷል። ወረቀት ሁሉን በር እንደማይከፍት ግን ያሳያል።

«አንዴ የተገኘ መብት አይነጠቅም»

ይነጠቃል። ሩሲያ በሐምሌ 2023 ጾታ ማስቀየርን ከለከለች፤ ከተጋቢዎቹ አንዱ ጾታ ያስቀየረበት ጋብቻም እንዲፈርስ አደረገች። አሜሪካ ከሰኔ 2021 ጀምሮ ሰዎች ለፓስፖርታቸው ጾታ ራሳቸው እንዲመርጡ ፈቅዳ ነበር። በጥር 2025 በፕሬዚዳንታዊ ትእዛዝ ቆመ። ክስ ተመሠረተ፣ በኅዳር 2025 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ክሱ እስኪያልቅ መንግሥት አዲሱን አሠራር እንዲቀጥል ፈቀደ። ያስቀየሩ ሰዎች የሚያሳድሱበት ቀን በደረሰ ቁጥር ሆዳቸው ይባባል።

ፍርድ ቤቶች በተቃራኒው የሚገፉበትም ቦታ አለ። የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት በጥቅምት 2024፣ አንድ አባል አገር በሌላው አባል አገር በሕግ የተደረገን የጾታ ለውጥ አላውቅም ማለት አይችልም አለ። ጉዳዩ የመጣው ከሩማኒያ ነበር። በመጋቢት 2025 ደግሞ ሌላ ጉዳይ ወሰነ። አንድ ኢራናዊ ትራንስ ወንድ ሃንጋሪ ጥገኝነት ሰጥታዋለች፤ የሰጠችውም ትራንስ ወንድ በመሆኑ ነው። መዝገቧ ላይ ግን «ሴት» ብላ ጻፈችው። ፍርድ ቤቱ መልሱን አጭር አደረገው፦ በመዝገብ ላይ ያለ የተሳሳተ መረጃ ይታረማል፣ ለዚያም የቀዶ ሕክምና ማስረጃ መጠየቅ አይቻልም።