«ማንኛውንም እኮ ይላል!»፦ ስለ ውክልና የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ከጅዳና ከዱባይ የሚላክ ገንዘብ ደሴ ላይ ቤት ይሆናል፤ ቤቱን የሚጠብቀው ወንድም ደግሞ ውክልና ይይዛል። ውልና ማመልከቻ ስጽፍ የምውል ነኝና ስለ ውክልና የማልሰማው የለም።

«ሙሉ ውክልና ያለው ቤት መሸጥ ይችላል»

በዚህች አባባል ስንት ቀብድ ተበልቷል! አንድ ደላላ ቧንቧ ውሃ ሰፈር ያለ ቤት ሊያሻሽጥ ሻጭና ገዢ ይዞ መጣ። ቤቱ የሻጩ እህት ነው፤ እሷ ጅዳ ናት። ሻጩ እጥፋቱ ላይ የሳሳ ወረቀት ዘረጋልኝ፦ «በስሜ ማንኛውንም ጉዳይ እንዲፈጽምልኝ»። ደላላው ጣቱን ቃሉ ላይ አሳርፎ «አባዋ፣ ‹ማንኛውንም› እኮ ይላል!» አለኝ።

ይላል፤ ግን አያሸጥም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2203 በጠቅላላ አነጋገር የተሰጠን ውክልና በአስተዳደር ሥራ ይወስነዋል። ንብረት መጠበቅ፣ ከ3 ዓመት ለማይበልጥ ጊዜ ማከራየት፣ ዕዳ መሰብሰብና መክፈል፣ ሰብልና የሚበላሽ ዕቃ መሸጥ ማለት ነው። ጤፏን ይሸጥላታል፤ ቤቷን ግን አይሸጥባትም። ቤት ለመሸጥ ወይም በዋስትና ለማስያዝ፣ ስጦታ ለመስጠት፣ ለመክሰስም ሆነ ለመታረቅ ቁጥር 2205 ልዩ ውክልና፣ ማለትም ያንኑ ሥራ በስም ጠቅሶ የሚፈቅድ ውክልና፣ ይጠይቃል።

«ያልተጻፈ ውክልና ውክልና አይደለም»

ያልተጻፈውም ውክልና ነው። ቁጥር 2200 ውክልና በግልጽም በዝምታም ሊሰጥ እንደሚችል ይናገራል። ፒያሳ ሱቅ ውስጥ ቆርቆሮ የሚሸጥልህ ልጅ ወረቀት አሳይቶህ ያውቃል? ሥልጣኑ በቃል ካልተወሰነ በሥራው ጠባይ ይለካል፤ ዋጋ ይነጋገራል፣ ገንዘብ ይቀበላል፣ ሱቁን ግን አይሸጥም። ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው፦ ውሉ ራሱ በጽሑፍ እንዲሆን ሕግ ካዘዘ፣ እንደ ቤት ሽያጭ፣ ውክልናውም በዚያው ፎርም መሆን አለበት።

«ሽሬዋለሁ፣ ከእንግዲህ አይመለከተኝም»

መሻር መብትህ ነው። ነገር ግን ወኪልህ መሆኑን ለነጋዴው ነግረህ መሻርህን ሳትነግረው ከቀረህ፣ ወይም ወረቀቱን እጁ ላይ ከተውክ፣ በቁጥር 2195 መሠረት ከቀድሞው ወኪልህ ጋር አብረህ ትጠየቃለህ። ወንድም ከወንድሙ ወረቀት መቀበል ያሳፍረዋል፤ ክሱ የሚመጣው በዚያች ይሉኝታ ነው።

«ወካይ ቢሞትም ወረቀቱ ይሠራል»

ሌላ ስምምነት ከሌለ አይሠራም፤ አብሮ ይቀራል።

ያ ገዢ «እህትየው በኋላ ብትስማማስ?» ሲል ጠየቀኝ። ካጸደቀችው ወንድሟ በሥልጣኑ እንደሠራ ይቆጠራል፤ ካልተቀበለችው ውሉ ይፈርሳል። እንግዲያውስ በጅዳ ቆንስላ ልዩ ውክልና ሰጥታ ትላክ ብሎ ቀብዱን ወደ ኪሱ መለሰ። ደላላው ያን ቀን ሰላም ሳይለኝ ወጣ።