ከማን ተማርህ? የፍሉት ትምህርት በኮንሰርቫቱዋርና በዩኒቨርሲቲ

በዩኒቨርሲቲ ፍሉትን (ወደ ጎን ተይዞ የሚነፋውን መሣሪያ) ዋና መሣሪያው አድርጎ የሚማር ሰው ትልቁ ትምህርቱ በሳምንት አንድ ጊዜ፣ ለአንድ ሰዓት ያህል፣ መምህሩ ፊት ቆሞ የሚነፋው ነው። ንድፈ ሐሳቡ፣ የጆሮ ልምምዱ፣ የሙዚቃ ታሪኩና ፒያኖው ሁሉ በዚያች ሰዓት ዙሪያ ይደረደራሉ። ስለዚህም አመልካቾች ከትምህርት ቤቱ ይልቅ መምህሩን ይመርጣሉ። የድጓ ተማሪ «ከማን ተማርህ?» እንደሚባለው ፍሉት ነፊም ይጠየቃል፤ መልሱን ወደ ኋላ የተከተለ ሰው ብዙ ጊዜ ፓሪስ ይደርሳል።

የፓሪስ ኮንሰርቫቱዋር፣ ማለትም የከተማዋ ከፍተኛ የሙዚቃ ትምህርት ቤት፣ የተመሠረተው በ1795 ነው (እዚህ ያሉት ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ከመጀመሪያዎቹ የፍሉት መምህራን አንዱ ፍራንስዋ ደቪየን ነበር። ያኔ ፍሉት ጥቂት ቁልፎች ያሉት የእንጨት መሣሪያ ነው። ጀርመናዊው ቴዎባልድ ቦኤም አሠራሩን ከሥሩ ለውጦ በ1847 የዛሬውን የብረት ፍሉት ሲያወጣ፣ የፓሪሱ መምህር ዣን-ሉዊ ቱሉ አሻፈረኝ አለ። ቱሉ ራሱ የአሮጌውን ዓይነት ፍሉት እያሠራ ይሸጥ ስለነበር ነገሩ የጥበብ ክርክር ብቻ አይመስልም። አዲሱ መሣሪያ ወደ ክፍሉ የገባው በ1860 ሉዊ ዶሩስ ወንበሩን ሲይዝ ነው።

ክፍሉን ለዓለም ያስተዋወቀው ግን የዶሩስ ተማሪ ፖል ታፋኔል ነው። በ1893 መምህር ሆኖ ሲሾም የቆየውን የፈተና ልማድ አደሰው፤ ለዓመቱ መጨረሻ ፈተና የሚሆን አዲስ ሥራ ታዋቂ አቀናባሪዎች እንዲጽፉ ይደረግ ጀመር። የጋብርኤል ፎሬ «ፋንታዚ» (1898)፣ የሴሲል ሻሚናድ «ኮንሰርቲኖ» (1902)፣ የጆርጅ ኤኔስኩ «ካንታቢሌና ፕሬስቶ» (1904) እንዲህ የተወለዱ ናቸው። የፈተና ወረቀት ከፈተናው ማግስት ይጣላል፤ እነዚህ ግን ዛሬም በየአገሩ በተማሪ ኮንሰርት ላይ ይሰማሉ። ታፋኔል የጀመረውን የማስተማሪያ መጽሐፍ ተማሪው ፊሊፕ ጎቤር ጨርሶ በ1923 አወጣው። በውስጡ ያሉት 17 ዕለታዊ ልምምዶች ከጣት ጋር ስለሚዋሃዱ «ታፋኔል–ጎቤር» የሰው ስም መሆኑ የሚዘነጋው ተማሪ ቢኖር አይገርምም።

ሐረጉ አሜሪካ የተሻገረው በ1905 ነው። ሌላው የታፋኔል ተማሪ ጆርጅ ባሬር ኒው ዮርክ ሄዶ በኦርኬስትራ እየተጫወተ፣ በኋላ ጁሊያርድ በሆነው ትምህርት ቤት አስተማረ። በ1936 አቀናባሪው ኤድጋር ቫሬዝ ለባሬር የፕላቲነም ፍሉት ብቻውን የሚነፋ ሥራ ጻፈለትና «ዴንሲቲ 21.5» አለው፤ ቁጥሩ የፕላቲነም ጥግግት ነው። የባሬር ተማሪ ዊልያም ኪንኬይድ በፊላደልፊያው ከርቲስ ኢንስቲትዩት አስተማረ፤ የኪንኬይድ ተማሪ ጁሊየስ ቤከር ደግሞ በጁሊያርድ። በፓሪስ በቀረው ቅርንጫፍ ማርሴል ሞዊዝ በ1934 ስለ ድምፅ ጥራት ብቻ የሚያወራ መጽሐፍ አሳተመ። መጽሐፉ የሚጀምረው ከአንድ ድምፅ ወደ ጎረቤቱ ግማሽ ድምፅ በዝግታ በመሻገር ነው። የሙዚቃ ትምህርት የማይመስል ሥራ ነው፤ ጎረቤትም ያማርራል።

ምክንያቱ ግን አለው። ፍሉት እንደ ክላርኔት የሚርገበገብ ሸምበቆ የለውም፤ ድምፁ የሚፈጠረው ትንፋሽ በአፍ መክፈቻው ጠርዝ ላይ ሲሰነጠቅ ነው። ከፊሉ ትንፋሽ ከመሣሪያው ውጪ ይባክናል፤ የሚመልሰው ግፊትም ስለሌለ ነፊው አየሩን በከንፈሩ መቆጠብ አለበት። ዋሽንት የነፋ ሰው ይህን ያውቀዋል። ልዩነቱ ዋሽንት ከጫፉ የሚነፋና ብዙውን ጊዜ አራት ቀዳዳ ያለው መሆኑ ነው፤ ዜማውን በቀጠነ ወይም በወፈረ ድምፅ መጫወት ሲፈለግ ነፊው ሌላ ዋሽንት ያነሣል። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር ባለው የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ዋሽንት ከክራርና ከማሲንቆ ጋር ትምህርት ሆኖ ይሰጣል።

አሜሪካ ውስጥ የመጀመሪያው ዲግሪ በተለምዶ አራት ዓመት ነው፤ ማሳረጊያው ተማሪው ለብቻው የሚያቀርበው ኮንሰርት ነው። ለመግቢያ ፈተና ከሚጠየቁት ብዙ ጊዜ የማይቀረው ከሞዛርት ሁለት የፍሉት ኮንቼርቶዎች (ፍሉት በኦርኬስትራ ታጅቦ የሚነፋባቸው ሥራዎች) አንዱ ነው። ከርቲስ ከ1928 ጀምሮ የትምህርት ክፍያ አይጠይቅም፤ የሚቀበለው ግን ኦርኬስትራው የሚፈልገውን ያህል ጥቂት ሰው ነው። ከምረቃ በኋላ ያለው በር ደግሞ ይበልጥ ጠባብ ነው፤ አንድ ትልቅ ኦርኬስትራ ያለው የፍሉት ወንበር ሦስት ወይም አራት ሲሆን፣ የያዘው ሰው ለአሥርተ ዓመታት ላይለቅ ይችላል።

ወንበር ሲከፈት ተወዳዳሪው ብዙ ጊዜ ፊቱ እንዳይታይ ከመጋረጃ ጀርባ ይነፋል። ከሚታዘዙት አጫጭር ቁራጮች ዝነኛው የፈረንሳዊው አቀናባሪ ደቢሲ «የፋውን ከሰዓት በኋላ መቅድም» መክፈቻ ነው (ፋውን በተረት ግማሽ ሰው ግማሽ ፍየል የሆነ ፍጡር ነው)። በታኅሣሥ 1894 ለመጀመሪያ ጊዜ ሲቀርብ የነፋው የ18 ዓመቱ ተማሪ ባሬር ነበር። ዜማው የሚነሣው ቀዳዳዎቹ ከሞላ ጎደል ሁሉ ክፍት ሆነው ከሚወጣ ድምፅ ነው፤ ጣት የማይደግፈው፣ ለመንቀጥቀጥ የተመቸ። አጃቢ የለውም። መጋረጃው ወዲያ ያሉት ዳኞች መሃል ላይ ትንፋሽ ተወስዶ እንደሆነ ያዳምጣሉ።